ቁም ያጊና የብረት ምሰሶ፦ ቱቦውን የት እናድርገው?

ባለ ሦስት ዘንግ ያጊ፣ ማለትም ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያደላ አንቴና፣ ገዝታችኋል፣ ወይም ራሳችሁ ሠርታችኋል እንበል። ሪፒተር (ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ለመድረስ ብላችሁ ዘንጎቹን ቀጥ አድርጋችሁ አቆማችሁ። ከዚያ አንቴናውን መሐሉ ላይ በዩ-ቦልት ከብረት ቱቦ ጋር ጥፍር አድርጋችሁ አሰራችሁት። ወደ ሪፒተሩ ስታዞሩት ሲግናሉ ከጠበቃችሁት ያንሳል። ትንሽ ወደ ጎን ስታደርጉት ደግሞ የተሻለ ይመስላል። አንቴናው ምንም አልሆነም። ጣጣው ያለው ቱቦው ላይ ነው።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። እዚህ አካባቢ የአማተር ራዲዮ መጀመሪያ የሆነውን የቴክኒሻን ፈቃድ የሚያወጡ ወገኖች እየበዙ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰላል ጭኜ የሰው ጣሪያ ላይ መውጣት ልማድ ሆኖብኛል። ክፍያው ቡና ነው፤ አልፎ አልፎ ክትፎ። ግማሹ ጥሪ ስለዚሁ ቱቦ ስለሆነ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ወስኑ። ዘንጎቹን ማቆም በእርግጥ ያስፈልጋችኋል? በ2 ሜትር ባንድ (ከ144 ሜጋኸርዝ በሚጀምረው) ላይ ኤፍኤም፣ ሪፒተር፣ የእጅና የመኪና ራዲዮ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በ144.390 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ኤፒአርኤስ (ቦታንና አጭር መልእክትን የሚልክ ዘዴ)፣ ሁሉም ቁም ፖላራይዜሽን ነው፤ ሞገዱ እንደ ዘንጉ ቆሞ ይሄዳል ማለት ነው። በኤስኤስቢ (ለሩቅ በሚመች የድምፅ አላላክ) እና በሞርስ ሩቅ የሚያወሩት ግን፣ 144.200 አካባቢ የምትሰሟቸው፣ አንቴናቸውን አጋድመው ነው የሚሠሩት። አንዱ ቁም፣ ሌላው አግድም ከሆነ በተግባር 20 ዲቢ ገደማ ይጠፋል። 20 ዲቢ ማለት ኃይሉ ወደ መቶኛው ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳባችሁ ኤስኤስቢ ብቻ ከሆነ አጋድሙት፣ የብረት ቱቦ መሐሉ ላይ እሰሩት፣ ይህንን ጽሑፍም እዚህ ላይ ተዉት።

ለምን ሲጋደም ችግር የለም? የድሮውን የቲቪ አንቴና አስታውሱት። አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ባለ ቱቦ የተሰቀለው፣ አንዱ ላይ ሆኖ እያዞረ «መጣ?» ሲል ሌላው ከሳሎን «አልመጣም! ትንሽ መልሰው!» የሚለው። የዚያ አንቴና ዘንጎች የተጋደሙ ናቸው፤ ቱቦው ግን ቁም ነው። ሁለቱ መስቀለኛ ስለሆኑ አይነካኩም። ዘንጎቹ ቱቦው ውስጥ ይህ ነው የሚባል ከረንት አያስነሱም። ለዚህ ነው ማንም ስለ ቱቦው ተጨንቆ የማያውቀው።

ዘንጎቹን ስታቆሙ ግን ቱቦውና ዘንጎቹ ትይዩ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ያጊ እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ይጠቅማል። ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ በ1926 (እ.ኤ.አ.) በጃፓኑ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ለዓለም ያሳዩት ነገር ይኸው ነው፦ ኬብል የሚገናኘው ከአንዱ ዘንግ ጋር ብቻ ነው። ከኋላ ያለው ሪፍሌክተርና ከፊት ያለው ዳይሬክተር ከምንም ጋር አልተገናኙም። ሞገዱ ራሱ ከረንት ያስነሳባቸዋል፤ እነሱም መልሰው ይረጫሉ። ርዝመታቸውና ርቀታቸው ስለተመጠነ ድምሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል።

እንግዲህ ሞገዱ ቱቦውን የሚለይበት ዓይን የለውም። በዘንጎቹ መሐል ቀጥ ያለ ብረት ካገኘ እሱንም ይነዳዋል። ቱቦው ማንም ያልጋበዘው አራተኛ ዘንግ ይሆናል ማለት ነው። ከሪፍሌክተሩ ስለሚረዝምም ወደ ሪፍሌክተርነት ያደላል። ቦታው ደግሞ ከኋላ ሳይሆን መሐል ነው! ወደ ፊት የሚሄደውን ጥቂት ዲቢ ይቀንሳል፣ የኋላውን ይጨምራል፣ ጨረሩን ወደ ጎን ያጣምማል። ምን ያህል? እንደ ቱቦው ርዝመት፣ ውፍረትና እንደታሰረበት ቦታ ይለያያል።

ኤስ ደብሊው አር ሜትሩ አይነግራችሁም

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው ጡረተኛ አሉ። አገር ቤት ዕድሜያቸውን በሙሉ ቴሌ ነው የሠሩት። እጃቸው ወርቅ ነው። አንቴናቸውን ራሳቸው ሠርተው፣ አጥር የሚሠራበትን ጋልቫናይዝድ ቱቦ ገዝተው፣ መሐሉ ላይ አሰሩት። ከዚያ ኬብሉን ከዘንጉ ጋር የሚያጣጥመውን ጋማ ማች እያንሸራተቱ አስተካከሉት። ስደርስ የኤስ ደብሊው አር ሜትሩን፣ ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየውን (1 ከሆነ ምንም አይመለስም)፣ ወደ እኔ አዙረው፦

«ልጄ፣ ይኸው 1.2 ይላል። ምን ይጎድለዋል?»

«ጋሼ፣ ሜትሩ የሚነግርዎት ኃይሉ ከራዲዮው ወጥቶ አንቴናው እንደተቀበለው ነው። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደ አይነግርዎትም።»

«እና ወዴት ሄደ?»

«ግማሹ የጎረቤትዎ ጋራዥ ላይ።»

ሳቁ። ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጋማ ማች ማንኛውንም መጥፎ ሁኔታ 50 ኦም አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ቱቦው ያመጣውን ለውጥ በሜትር አስተካክላችሁ ስትጨርሱ የጨረሩ ቅርጽ እንደተጣመመ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ጥሩ ኤስ ደብሊው አር የጥሩ አንቴና ማስረጃ አይደለም።

ዋናው መፍትሔ፦ ከኋላ ማሰር

ያጊ ሲፈጠር ከኋላው ጸጥ ያለ ቦታ አለው። ሪፍሌክተሩ ሥራውን ከሠራ ከጀርባው ያለው ሞገድ ደካማ ነው። ብረት የግድ ካስፈለገ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስለዚህ ዘንጎቹን የሚሸከመውን አግዳሚ፣ ቡሙን፣ ከሪፍሌክተሩ ወደ ኋላ አስረዝሙትና ጫፉን ከቱቦው ጋር እሰሩት።

ምን ያህል ወደ ኋላ? የምመክረው የሞገዱን ሩብ ያህል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 300ን በሜጋኸርዙ ማካፈል። 300 ሲካፈል ለ146፣ 2.05 ሜትር ይመጣል። ሩቡ 51 ሴንቲ ሜትር። እንግዲህ ለ2 ሜትር ባንድ በሪፍሌክተሩና በቱቦው መካከል ግማሽ ሜትር ካለ በቂ ነው። ለ70 ሴንቲ ሜትሩ ባንድ፣ 440 ላይ፣ ሩቡ 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ቢያንስም ዓለም አይገለበጥም፤ መሐል ከማሰር እጅግ ይሻላል።

ጋሼ ጋ ያደረግነው ይህን ነው። የእሳቸው ቡም አራት ማዕዘን አሉሚኒየም ነበር። ውስጡ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ሌላ አሉሚኒየም ፈለግን፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ አስገባነው፣ በሁለት የማይዝግ ብሎን ወጋነው። ሁለት ብሎን ያልኩት በምክንያት ነው። በአንድ ብቻ ከሆነ ነፋስ ሲመታው ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ ከዚያ አንቴናው አንገቱን ይደፋል። ቡሙ ብረት መሆኑ ራሱ ችግር የለውም፤ ከዘንጎቹ ጋር መስቀለኛ ነዋ።

ከኋላ ሲታሰር ክብደቱ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይንጠለጠላል። ለሦስትና ለአራት ዘንግ ግድ የለም። ሮታተር (አንቴናውን የሚያዞር ሞተር) ካላችሁ ግን አስቡበት። ቡሙ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከሆነ ከቱቦው ጫፍ ወደ ቡሙ የሚወርድ ወጋግራ ገመድ ያስፈልገዋል። ገመዱ የማይዘረጋ ፕላስቲክ ይሁን። ሽቦ አድርጋችሁ የሸሻችሁትን ብረት መልሳችሁ እንዳታመጡት! ዩ-ቦልቱ ደግሞ ጥርስ ያለው መያዣ ይኑረው። ለስላሳ ከሆነ የመጀመሪያው ከባድ ነፋስ አንቴናውን ወደ ፈለገው ያዞረዋል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ጋማ ማቹን እንደገና አስተካክሉ። ቱቦው ሲርቅ ቁጥሩ ይለወጣል፤ የጋሼም 1.2 ወደ 2 ሸሽቶ ነበር። መልሰን አመጣነው። በፊት ሿ እያለ ይሰማ የነበረው ሪፒተር ጥርት ብሎ ገባ።

ኬብሉም ብረት ነው

ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከራዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደው የኮአክስ ኬብል ውጫዊ መረብ መዳብ ነው። ከመሐለኛው ዘንግ ቀጥታ ወደ ታች ካወረዳችሁት ከዘንጎቹ ጋር ትይዩ የሆነ ሌላ ምሰሶ ሠራችሁ ማለት ነው። አየሁ ያልኩት በጣም የሚያስቆጨው ነገር፣ ሰውየው ውድ ፋይበርግላስ ምሰሶ ገዝቶ፣ ኬብሉን ከምሰሶው ጋር በናስትሮ ጠቅልሎ ሲያወርደው ነው። ቱቦውን አስወግዶ ኬብሉን ተካው።

ስለዚህ ኬብሉ ከዘንጉ ሲወጣ ቡሙን ይዞ ወደ ኋላ ይሂድ። ሪፍሌክተሩን ይለፍ። ቱቦው ጋ ሲደርስ ብቻ ይውረድ። በየአንድ ስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከቡሙ ጋር እሰሩት። ጥቁሩን ማሰሪያ ተጠቀሙ፤ ነጩ በፀሐይ ተሰባብሮ ያልቃል። ኬብሉ ዘንጉ ጋ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጥቂት ፌራይት ቀለበት ብትጨምሩ በውጫዊው መረብ ላይ የሚመጣውን ከረንት ያፍናል። ለዚህ ድግግሞሽ የተሠራ ፌራይት ይሁን እንጂ ከድሮ ኮምፒውተር ቻርጀር የተነቀለ አይሁን።

ከኋላ ማሰር ካልተቻለስ?

አንቴናው ረጅም ሲሆን፣ ስምንት ወይም ዐሥር ዘንግ ሲኖረው፣ ከኋላ ማሰር ቡሙን ያጎብጠዋል። ያኔ መሐል መያዝ ግድ ነው። በዚህ ጊዜ የምሰሶውን የላይኛ ክፍል ብረት ካልሆነ ነገር ሥሩት።

ምን ያህል ርዝመት? የ2 ሜትር አንቴና ዘንግ ግማሹ ከቡሙ ወደ ታች 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ብረቱ ከዘንጉ ጫፍ ሥር ገጭ ብሎ መጀመር የለበትም፤ ጫፉ ላይ ቮልቴጁ ከፍተኛ ስለሆነ በጣም ይነካካል። ከቡሙ ወደ ታች ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከብረት ነፃ አድርጉ። ሁለት ቢሆን ደስ ይለኛል።

እዚህ አገር ብዙ አማተሮች የሚወዱት ከጦር ሠራዊት የወጣ የመሸሸጊያ መረብ መደገፊያ ምሰሶ አለ። አንዱ አራት ጫማ ነው፤ እርስ በርስ ይሰካካል፤ ዋጋውም አያስጮህም። ግን ሁለት ዓይነት አለው። አረንጓዴው ፋይበርግላስ አለ፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል አሉሚኒየምም አለ። ስትገዙ በጥፍራችሁ ቧጨር አድርጋችሁ እዩ። ካርቦን ፋይበርም ከሩቁ፤ ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲሸጥላችሁ ጠይቁ።

ፒቪሲ ቱቦ ብቻውን ሰነፍ ነው፤ በበጋ ሙቀት ይለሰልስና ይጎብጣል። ውስጡ ደረቅ እንጨት ካስገባችሁለት ግን ይሠራል። አገር ቤት ላሉ ደግሞ ቀርከሃ አለላችሁ። በደንብ የደረቀ ይሁንና ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቀቡት፤ ውሃ ከጠጣ ማገጃነቱ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስላለ አንቴና ለማየትና ለመጠየቅ ጥሩ ቦታ ነው። እዚያ የ2 ሜትሩ ባንድ ከ144 እስከ 146 ስለሆነ ሒሳቡን በ145 አድርጉት፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው።

መሐል በሚታሰረው አንቴና ላይም የኬብሉ ነገር አይቀርም። ቡሙን ይዞ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ሪፍሌክተሩን ካለፈ በኋላ ሰፋ ያለ ቅስት ሠርቶ ወደ ምሰሶው ታችኛ ክፍል ይመለስ።

ሌላው መንገድ መስቀለኛ ክንድ ነው። ምሰሶው ላይ አግድም ቱቦ ታስራላችሁ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት ተመሳሳይ ያጊ ታቆማላችሁ። ምሰሶው በሁለቱ መሐል ይሆናል። ክንዱ ቢረዝም፣ ሁለቱ አንቴናዎች ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ቢራራቁ ጥሩ ነው። አግድም ስለሆነ ክንዱ ብረት ቢሆን ችግር የለውም። ክብደቱ ይመጣጠናል፣ ወደ 3 ዲቢ የሚጠጋ ጌይን፣ ማለትም ወደ ፊት የሚሄድ ትርፍ ኃይል፣ ይገኛል። ሁለቱን ለማገናኘት እኩል ርዝመት ያላቸው ባለ 75 ኦም ኬብሎች ያስፈልጋሉ። ርዝመታቸው የሞገዱ ሩብ፣ ወይም የሩቡ ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ ይሁን። በኬብሉ ውስጥ ሞገዱ እንደሚያጥር እንዳትረሱ፤ ለተራው ጠጣር ፕላስቲክ ኬብል በ0.66 አባዙት። 51 ሴንቲ ሜትሩ 34 ይሆናል። ይህ አጭር ስለሆነ አይደርስላችሁም። የሦስት እጥፉ፣ 102 ሴንቲ ሜትሩ፣ ለተለመደው ክንድ ልክ ይመጣል።

አንድ አንቴና ብቻ ይዞ ክንዱ ጫፍ ላይ መስቀልስ? ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። የቆመ ያጊ ወደ ጎን የሚረጨው ከተጋደመው ይበልጣል፤ የተጋደመው በዘንጎቹ ጫፍ በኩል ጭራሽ ዝም ይላል፣ የቆመው ግን በጎኑ ዝም አይልም። ስለዚህ ምሰሶው ከጎን ሆኖም መንካቱ አይቀርም። አንቴናውን በ45 ዲግሪ ማጋደል የሚሉም አሉ። ምሰሶው ያን ያህል አይነካውም፣ ለቁሙም ለአግድሙም ይሠራል፤ ግን ለሁለቱም 3 ዲቢ፣ ማለትም ግማሹን ኃይል፣ ትከፍላላችሁ። ሁለት አንቴና የሚሰቅልበት ለሌለው ሰው ክፉ ስምምነት አይደለም።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

ወሬ አትመኑ፤ የእኔንም ጭምር። ጓደኛችሁ የእጅ ራዲዮውን በዝቅተኛ ኃይል አድርጎ ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ይቁም። አንቴናውን ቀጥ አድርጎ ይያዘው፤ ሰውነቱም በመሐል አይግባ። እናንተ ደግሞ ከያጊው ጋር ርካሹን አርቲኤል-ኤስዲአር (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ መቀበያ) አገናኙ። የኤፍኤም ራዲዮ የሲግናል መለኪያ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ቶሎ ሙሉ ይልና ቆሞ ይቀራል። ኤስዲአሩ ላይ ራስ-ሰር ጌይኑን (ሲግናሉን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) አጥፉ፣ አንቴናውን በየ30 ዲግሪው አዙሩ፣ ዲቢውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ትልቁ ቁጥር ቡሙ በሚያመለክትበት ላይ መውደቅ አለበት። ወደ ጎን ከሸሸ፣ ወይም የኋላው ከፊቱ ጋር ከተቀራረበ፣ ቱቦው ወይም ኬብሉ እየሠራ ነው። ይህን ስትሠሩ ጥሪ የሚደረግበትን 146.520ን አትያዙ፤ ሌላ ባዶ ቻናል ፈልጉ።

በ162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሌት ተቀን የሚያሰራጨውን የአየር ሁኔታ ራዲዮ ለፈተና መጠቀም ያምራችሁ ይሆናል። ለያጊ አይሆንም። እዚያ ላይ ዳይሬክተራችሁ ራሱ በጣም ረጅም ስለሚሆን አንቴናው ወደ ኋላ ሊያይ ይችላል፤ የምታገኙት ቁጥር ግራ ያጋባችኋል።

መሰላል ከመውጣት በፊት ኮምፒውተር ላይ ማየት ከፈለጋችሁ የአንቴና ማስሊያ ፕሮግራሞቹ 4ኔክ2 እና ኢዜድኔክ ነፃ ናቸው። ዘንጎቹን ጻፉ፣ ውጤቱን እዩ። ከዚያ አንድ ረጅም ቁም ሽቦ መሐሉ ላይ ጨምሩ፣ እንደገና አስኪዱት። ሽቦውን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ቅርጹ ሲስተካከል ማየት ከእኔ ሺህ ቃል ይበልጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት

የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ምሰሶውና አንቴናው ቢወድቅ እንኳ ሦስት ሜትር ትርፍ ቀርቶ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ። ይህ ድርድር የለውም። የብረቱ ምሰሶ ኧርዝ ይደረግ፤ እዚህ አሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮዱ አንቀጽ 810 ከ10 ቁጥር ያላነሰ የመዳብ ሽቦ ይጠይቃል፤ ሽቦውም ከቤቱ ኧርዝ ጋር መገናኘት አለበት። የላይኛው ክፍል ፋይበርግላስ ስለሆነ አያስፈልገኝም አትበሉ፤ ኬብሉ አሁንም ወደ ቤት ይገባል። መግቢያው ላይ የመብረቅ መከላከያ አድርጉ።

ታውንሃውስ ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ፦ የቲቪ አንቴናና ዲሽ የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ የአማተር አንቴናን አይሸፍንም። ስለ አማተር አንቴና የወጣው የ1985ቱ (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ውሳኔ፣ ፒአርቢ-1ም፣ የሚያዘው ከተማና ካውንቲን እንጂ የቤት ባለቤቶች ማኅበርን አይደለም። ውላችሁን አንብቡ። የማይፈቀድ ከሆነ ባለ ሦስት ዘንጉን ያጊ ጣሪያው ሥር፣ ኮርኒስ ላይ አድርጉት። እዚያ ምሰሶ አያስፈልግም፤ ከእንጨቱ በገመድ ማንጠልጠል ይበቃል። የአየር ማስተላለፊያ ላሜራና የኤሌክትሪክ ሽቦ በአቅራቢያው ካለ ግን ራቁ፣ ወይም ሪፍሌክተሩን ወደ እነሱ አዙሩ።